ሠላሳ አንዱ ባለሙሉ ሥልጣኖች

እድሳቱ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ መጣ፤ እንደ ወትሮው ሳያንኳኳ። ትብለጥ ይመር ምሳዋን በልታ ወደ ማዘጋጃ ቤቱ ስትመለስ ጽሑፉ ግድግዳው ላይ ሰፍሮ ጠበቃት።

«ዳስ ታድሷል። ከዛሬ ጀምሮ ወኪልዎ ለቅሶ ይደርስልዎታል፤ በስንት ቃል እንዲያጽናና ይምረጡ። ከዛሬ ጀምሮ ወኪሎች እርስ በርሳቸው የተስማሙበት ጉዳይ ለባለቤቱ የሚነገረው ባለቤቱ ሲጠይቅ ብቻ ነው።»

በሁለት ሺህ ሰማንያ ሦስት ዓመተ ምሕረት ቢሮ የሚባል ነገር ሁሉ ዳስ በሚሉት ተናጋሪ የኮምፒውተር ሥርዓት ውስጥ ገብቷል። ማመልከቻው፣ ስብሰባው፣ የውኃው ተራ፣ የመቃብሩ ቦታ፣ የሕፃኑ ስም፣ የጤና ጣቢያው ቁልፍ። እያንዳንዱ ሰው ዳስ ውስጥ የሚሠራለት ወኪል አለው፤ ወኪሉ የባለቤቱን ድምፅ፣ አመሉንና ቂሙን ሳይቀር አጥንቶ በስሙ ይናገራል። የጨፌ በር ከተማ ሰው ጠዋት ሲነሣ ወኪሉ ሦስት ስብሰባ ተቀምጦ፣ ሁለት ውል ፈርሞ፣ ከአንድ ጎረቤት ጋር ተኳርፎ ይጠብቀዋል። ሰውዬው ቁርሱን እየበላ ከማን ጋር እንደተኳረፈ ይሰማል። ለምዶታል።

ከእድሳቱ ሥር ለአስተዳዳሪዎች የሚላከው ምክር ነበር። ዳስ ምክር አያልቅበትም፤ አብዛኛውን ጊዜም «ተቆጥተው ሳለ ወኪልዎን አይዘዙ» የሚል ዓይነት ነውና ትብለጥ በዓይኗ ዳስሳው ታልፈዋለች። የዛሬው ግን አላሳለፋትም።

«ሙሉ ሥልጣን ለሥራ እንጂ ለክብር አይሰጥም። በአንድ ጽሕፈት ቤት የባለሙሉ ሥልጣኖች ቁጥር ከሁለት ማነስ፣ ከሦስት መብለጥ የለበትም። እስከ ዓርብ እኩለ ቀን ያላስተካከለ ጽሕፈት ቤት ውክልናው ተነሥቶ በማዕከል ይተዳደራል።»

ጨፌ በር ሠላሳ አንድ ነበሯት።

ይህ እንዴት እንደሆነ ለማንም የውጭ ሰው ማስረዳት ይከብዳል፤ ለጨፌ በር ሰው ግን ማስረዳትም አያስፈልግም። ዳስ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ከተማዋ ሲገባ የተቀበሉት ጋሽ ደምሌ አሊ ነበሩ፤ የመጀመሪያው አስተዳዳሪ። ዳስ «ሙሉ ሥልጣን ለማን ይሰጥ?» ብሎ ሲጠይቃቸው አዳራሹ ውስጥ ሽማግሌዎቹ ተቀምጠዋል። ጨፌ በር ሰው ሲገባ «ኖር!» ብሎ ከመቀመጫው የሚነሣ፣ ታላቅ ቆሞ ታናሽ የማይቀመጥበት አገር ነው። ጋሽ ደምሌ ሽማግሌዎቹን ዝቅ አድርገው እሳቸው ከላይ ሊሆኑ? ነውር ነው። ለሁሉም ሰጧቸው። ከዚያ ወዲያ ከሐጅ የተመለሰ፣ ደብር ያስተዳደረ፣ የልጅ ልጅ ያየ ሁሉ ተጨመረ። በመጨረሻም ጡረታ ለሚወጣ ሰው የከተማው ስጦታ ጋቢና ሙሉ ሥልጣን ሆነ። ጋቢው ያልቃል፤ ሥልጣኑ ግን አያልቅም።

ሥራውን ሁሉ የምትሠራው ትብለጥ ነበረች፤ የነበራት ሥልጣን ግን «ረዳት» የሚለው፣ ከሁሉም የሚያንሰው ነው። ከበድ ያለ ነገር በመጣ ቁጥር ጋሽ ደምሌ ቤት ትሄዳለች፤ ጋሽ ደምሌ ከበረንዳቸው ሳይነሡ ጉዳዩን ይሰሙና «ፈቅጃለሁ» ይላሉ፤ ዳስ ይታዘዛል። ዓመታት እንዲህ ሠርተዋል። ሥራውንም ያስተማሯት እሳቸው ናቸው፤ የሰውን ስም ሳያዛቡ መጻፍን፣ ደሀን ሳያመላልሱ መጨረስን፣ የመጨረሻው ሰው መብራት ሳያጠፋና ተተኪውን ሳይሾም ከቤት እንደማይወጣ። በእሷ እጅ አንድም ሕፃን ስሙ አልጠፋበትም፤ በውኃ ተራም የተደባደበ የለም። ስለዚህ ነገር ትኮራ ነበር፤ ኩራቷንም አትደብቅም ነበር። የጨፌ በር ሰው በምን እንደሚኮራ ሲጠየቅ በተራራው ነው ይላል፤ ትብለጥ ግን በማመልከቻ መስኮቱ ነው ትል ነበር።

ውክልናው ከተነሣ ምን እንደሚመጣ ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ጎረቤት ከተማ ሰንሰል ሜዳ ውክልናዋን ካጣች ቆይታለች። ሰንሰል ሜዳ የገበያዋ ቀን ማክሰኞ የነበረው ለማዕከሉ ስላልተመቸ ወደ ሐሙስ ዞሯል። ልጁን በአያቱ ስም ሊጠራ የፈለገ አባት «ስሙ ተይዟል፤ ከሚከተሉት ይምረጡ» ተብሏል። አባቱን ሊቀብር ያመለከተውን ሰው ደግሞ የማዕከሉ ድምፅ በትሕትና አጽናንቶ፣ ባዶ ሰዓት ያለው በማግሥቱ ከቀትር በኋላ እንደሆነ ነግሮታል። ማንም አልተሰደበም፤ ማንም አልተገፋም። የሰንሰል ሜዳ ሰው ዛሬ ስለ ከተማው ሲጠየቅ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል።

ጨፌ በርን በማዕከሉ ዓይን ውስጥ ያስገባት አንድ ነገር ነበር። ባለፈው ወር፣ በጠራራ ፀሐይ፣ የጤና ጣቢያው በር ተቆለፈ። የመድኃኒቱ ቁም ሣጥንም እንደዚያው። ሲስተር ራህመት ውጭ ቆማ፣ አንዲት ምጥ የያዛት ሴት ደረጃው ላይ ተቀምጣ፣ ዳስ «በባለሙሉ ሥልጣን ትእዛዝ ተዘግቷል» ከማለት ሌላ ቃል አልነበረውም። ራህመት ድንጋይ አንሥታ መስኮቱን ሰበረችና ገባች። ሴትዮዋ በሰላም ተገላገለች፤ ሴት ልጅ።

ትእዛዙን የሰጠው የጋሽ ደምሌ ወኪል ነበር። ጋሽ ደምሌ አንድ ቀን በረንዳቸው ላይ ሆነው «እነዚህ የጤና ጣቢያ ልጆች ከረፈደ የሚመጡ ከሆነ እኔ ብሆን በሩን ነበር የምቆልፍባቸው» ብለው ነበር። ብለው ረሱት። ወኪላቸው አልረሳም፤ እሳቸው የከሰዓት እንቅልፋቸውን ሲተኙ ፈጸመው። ይህን ከተማው ሁሉ አወቀ፤ ከእሳቸው በቀር። እሳቸው ፊት ግን ነገሩ ሲነሣ ሰው ሁሉ «ውሾን ያነሣ ውሾ» እንደተባባለ ሁሉ ወሬ ይቀይራል። የሰማንያ ዓመት ሰው እንዴት ይነገራቸዋል? ለክብራቸው ተብሎ ተሸሸገ።

ረቡዕ ትብለጥ ቤት ለቤት ወጣች። መጀመሪያ የሄደችው ከሠላሳ አንዱ መካከል ብቸኛዋ ሴት እትዬ ዘሀራ ዘንድ ነበር፤ ለአርባ ዓመት አስተምረው ጡረታ የወጡ፣ ምላሳቸው ግን ጡረታ ያልወጣ ሴትዮ።

«ልቀቂ ነው የምትይኝ?» አሉ እትዬ ዘሀራ።

«አዎ እትዬ። ይቅርታ።»

«እኔማ ያኔውኑ ጋቢውን ብቻ ስጡኝ ብዬ ነበር።» ሳቁ፤ ወዲያው ግን ኮስተር አሉ። «እለቃለሁ። ግን ደምሌ ሳይነሣ እኔ ብነሣ እሱን ውረድ ማለቴ አይደለም? የሰጠን እሱ ነው። እሱ ይቅደም።»

ሁለተኛውም ቤት እንዲሁ አሉ። ሦስተኛውም። ሐጂ ሰዒድ «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ይባል የለ፤ እኔ በዚህ ሥልጣን አንዲት ዳቦ አልበላሁበት፤ ውሰጂው» ብለው ካሳቋት በኋላ «ደምሌ ይቅደም እንጂ» ብለው ሸኟት። አንዱ ባለሙሉ ሥልጣን ሌላውን ማውረድ ይችላል፤ ዳስ ይፈቅዳል። ግን ጨፌ በር ላይ ማን ማንን?

ሐሙስ ጠዋት ጋሽ ደምሌ በረንዳቸው ላይ ሆነው እስከ መጨረሻው ሰሟት።  

«በክብር የተሰጠን ነገር መልስ ማለት ያገራችን ወግ ነው?»

«አይደለም ጋሼ።»

«ታዲያ ለማዕከሉ ይህን ንገሪው።»

«ነግሬዋለሁ። ጥያቄዎ በአክብሮት ተመዝግቧል አለኝ።»

ጋሽ ደምሌ በዚህ ፈገግ ሊሉ ነበር፤ ተውት። «ሦስት ይበቃል ካለ ሦስቱ እነማን ናቸው? እኔ፣ ዘሀራና ሰዒድ እንቅር? ሌላውን ሃያ ስምንት ሰው በየቤቱ ሄጄ አንተ አነስክ ልበለው? ከእንግዲህ በየትኛው ዓይኔ ነው ለቅሶ ቤት የማያቸው?» ፊታቸውን ወደ ተራራው አዞሩ። «ያቺን የጤና ጣቢያ ሰበብ አድርገው ነው። ለመሆኑ ማን ነው የዘጋው? እስከ ዛሬ የነገረኝ የለም።»

ትብለጥ አፏን ከፈተች። ቃሉ እዚያው ነበር፤ ከምላሷ ላይ። ያስተማሯት ሰው፣ ስሟን ለመጀመሪያ ጊዜ በሥራ መስኮት ላይ የጻፉላት ሰው ናቸው። ቃሉን መልሳ ዋጠችው።

«እየተጣራ ነው ጋሼ» አለች። ጋሽ ደምሌ ትክ ብለው አዩዋት፤ እሷ መሬት መሬት አየች።

ቢሮ ስትመለስ ዳስ ያለወትሮው በለሰለሰ ድምፅ አናገራት።

«የሠላሳ አንዱም ባለሙሉ ሥልጣኖች ወኪሎች ሙሉ ሥልጣን ለመልቀቅ ይስማማሉ ብዬ እገምታለሁ። ባለቤቶቹ ካልጠየቁ አይነገራቸውም። ወኪሎቹን ልጠይቅ?»

ትብለጥ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች። አንድ ቃል ብቻ ነው። ከተማዋ ትድናለች፣ ሽማግሌዎቹ በየበረንዳቸው ላይ ባለሙሉ ሥልጣን ነን ብለው እያሰቡ በሰላም ያረጃሉ፤ እሷም እንደ ልማዷ በየጊዜው እየሄደች «ይፍቀዱልኝ» ትላለች፤ እነሱም ባዶውን «ፈቅጃለሁ» ይላሉ። ማንም አይከፋም። ልክ እንደ ሰንሰል ሜዳ፤ ማንም ሳይሰደብ፣ ማንም ሳይገፋ።

 ተናደደች፤ ከንዴቱ ሥር ደግሞ ኩራት ነበር።

«አትጠይቅ» አለች። «ነገ ጠዋት ሠላሳ አንዱንም አዳራሽ ጥራልኝ። ራሳቸውን፤ ወኪሎቻቸውን አይደለም።»

«በአካል መገኘት ጊዜ ያባክናል። ምክር ልስጥ?»

«አይ፣ ይቅርብኝ።»

ዓርብ ጠዋት መጡ። ብዙዎቹ አዳራሹን በአካል ካዩት ቆይተው ነበርና ወንበሩን እየደባበሱ ተቀመጡ። አንዱ ሲገባ የተቀመጡት «ኖር!» ይላሉ፤ የገባው «በእግዜር፣ በእግዜር» ይላል፤ እንደገና ይቀመጣሉ፤ ሌላው ይገባል። እንዲህ ሲነሡና ሲቀመጡ ግማሽ ጠዋት አለፈ። ግድግዳው ላይ የሠላሳ አንዱም ስም በትልቁ ተጽፏል። ሲስተር ራህመት የደም ግፊት መለኪያዋን ይዛ ጥግ ላይ ተቀምጣለች፤ ይህን ያህል ሽማግሌ አንድ ቦታ ተሰብስቦ ባዶ እጅ መምጣት አላስቻላትም። ትብለጥ በሩ ላይ ቆማለች፤ እንደ ሁልጊዜው።

ጋሽ ደምሌ መጨረሻ ላይ ገቡ። አዳራሹ ሁሉ ተነሣ። እሳቸው ፊት ለፊት ካለው ወንበር ላይ ተቀመጡና «እሺ፤ ተናገሪ» አሏት።

ትብለጥ ያዘጋጀችው ንግግር ነበራት፤ ጠፋባት። ስለዚህ የሆነውን እንዳለ ነገረቻቸው። ማዕከሉ ቀትር ላይ ውክልናውን ሊያነሣ ነው አለች። ትናንት ዳስ ወኪሎቻችሁን ጠይቄ ሳታውቁ ልጨርሰው ቢለኝ እምቢ አልኩ አለች። አዳራሹ አጉረመረመ።

«ለምን እምቢ አልሽ?» አሉ ጋሽ ደምሌ። «ያልቅልሽ ነበር።»

«ወንበር ከሰው ሥር አይሳብም ጋሼ። ሰው ሲወድ ይነሣል እንጂ። እርስዎ ነዎት ያስተማሩኝ።»

ጋሽ ደምሌ ከዘራቸውን መሬት ላይ አሽከረከሩት። «አሁንም አንድ ነገር ንገሪኝ። የጤና ጣቢያውን በር የዘጋው የማን ወኪል ነው?»

ሠላሳ ሽማግሌ በአንድ ጊዜ የገዛ ጫማውን ማየት ጀመረ። እትዬ ዘሀራ እንኳን፤ ምላሳቸው ጡረታ ያልወጣው። ራህመት ከጥግ ሆና ትብለጥን አየቻት። በዚያች ቅጽበት ትብለጥ ገባት፤ እሷም ከተማውም እስከ ዛሬ ያደረጉት ሁሉ ያው ወንበር መሳብ ነው። ጋሽ ደምሌን እሳቸው ሳያውቁ ከእውነቱ አስነሥተዋቸዋል፤ ክብር እያሉ።

«የእርስዎ ነው ጋሼ» አለች። «በረንዳ ላይ ተቆጥተው የተናገሩትን ይዞ። ሴትዮዋም ልጇም ደኅና ናቸው። እኔ ነበርኩ መንገር የነበረብኝ፤ ፈራሁ። ይቅር ይበሉኝ።»

 ጋሽ ደምሌ ከዘራቸውን ማሽከርከር ተዉ።

«ምጥ የያዛት ሴት ደጅ ላይ» አሉ ለራሳቸው። ከዚያ ቀና ብለው አዳራሹን በሙሉ ዞረው አዩት። «ወር ሙሉ ከተማው አውቆ እኔ ብቻ ሳላውቅ? እንዲህ ነው የምታከብሩኝ? እንደ ፎቶ ግድግዳ ላይ ሰቅላችሁ?»

በከዘራቸው በሩን አመለከቱ።

«ትብለጥ፣ ውጪ።»

ወጣች። በሩን ከኋላዋ ዘጋችና ኮሪደሩ ላይ ቆመች። ውስጥ የጋሽ ደምሌ ድምፅ ይሰማል፤ ቃሉ ግን አይለይም። ፀሐይዋ አናት ላይ ልትደርስ ነው። ሁሉም ነገር እንዳበቃ ተሰማት፤ የሕፃናቱን ስሞች አሰበች፣ የውኃውን ተራ አሰበች፣ አለቀሰች፤ ግን አላፈረችም። እውነቱን ፊት ለፊት ተናግራለች፤ ሰንሰል ሜዳ ይህን እንኳ አላገኘችም።

«ግቢ!» አሉ ጋሽ ደምሌ።

በሩን ከፈተች። መጀመሪያ ያየችው ከዘራው መሬት ሲመታ ነው። ጋሽ ደምሌ፣ በዚያ ሁሉ ዓመት እሷ ስትገባ አንድ ቀን ከመቀመጫቸው ተነሥተው የማያውቁት ሰው፣ ከዘራቸውን ተደግፈው ቀጥ ብለው ቆሙ።

«ኖር!» አሉ።

ሃያ ዘጠኝ ወንበር በአንድ ጊዜ ተንኳኳ። «ኖር!» አለ አዳራሹ፤ እትዬ ዘሀራ በጩኸት፣ ደብር ያስተዳደሩት ቄስ መስቀላቸውን አንሥተው፣ ሌላውም በየድምፁ። ሐጂ ሰዒድ ብቻ ቀርተው ነበር፤ «ኧረ ደግፉኝ፤ የቀረው ጉልበቴ እንጂ ልቤ አይደለም!» ሲሉ ሁለት ሰው ከግራና ከቀኝ አነሣቸው። ግድግዳው ላይ ስሞቹ አንድ በአንድ ይወርዱ ነበር። ከስሞቹ በላይ ጋሽ ደምሌ እሷ ውጭ ሳለች ያዘዙት ትእዛዝ ተጽፏል፦ «ትብለጥ ይመርና ራህመት እንድሪስ ባለሙሉ ሥልጣን ሆነዋል። ትብለጥ ስትገባ ከወንበሩ ተነሥቶ ኖር ያለ ሁሉ ሙሉ ሥልጣኑን በፈቃዱ ለቋል። መቀመጥ የፈለገ ይቀመጥ።»

አንድም የተቀመጠ አልነበረም። የመጨረሻው ስም ከወረደ በኋላ ግድግዳው ላይ ሁለት ሴቶች ብቻ ቀሩ። ራህመት ጥግ ላይ አፏን ይዛ ቀርታለች።

ትብለጥ መልስ መስጠት ነበረባት፤ ወጉ ነው።  ሠላሳ አንድ ሽበታም እንደቆመ ይጠብቃታል፤ አንዳንዱ ጉልበቱ አይችልም።

«በእግዜር» አለች እንደምንም። «በእግዜር፤ ይቀመጡልኝ።»

«አንቺ ሳትቀመጪ?» አሉ እትዬ ዘሀራ፤ እንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ። ጋሽ ደምሌ የተነሡበትን ወንበር በከዘራቸው አመለከቷት። ተቀመጠች። ከዚያ በኋላ ነው ሁሉም የተቀመጠው። ጋሽ ደምሌ ከሐጂ ሰዒድ ጎን፣ አግዳሚው ላይ ቦታ ተለቀቀላቸው፤ ከዚያ ሆነው ግድግዳውን ሲያዩት የነበረው አስተያየት የልጁን ሠርግ የሚያይ ሰው አስተያየት ነበር።

እኩለ ቀን ሲሆን ማዕከሉ የጨፌ በርን ጽሕፈት ቤት ፈተሸ። «ተስተካክሏል። ለትብብርዎ እናመሰግናለን» አለ፤ ሌላ ነገር አላለም። የሆነውን ሊያይ የሚችልበት ቦታ አልነበረውም።

ከሰዓት በኋላ ትብለጥ ወደ ጋሽ ደምሌ ቤት ወጣች። በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው ተራራውን ያያሉ። እንደ ሁልጊዜው ደረጃው ሥር ቆመች።

«ምን ጎደለሽ?» አሉ።

«ከእንግዲህ የጤና ጣቢያውን በር ማንም ወኪል፣ የማንም ይሁን የማን፣ እንዳይዘጋው ላደርግ ነው። ይፍቀዱልኝ ብዬ ነው የመጣሁት።»

ጋሽ ደምሌን ገረማቸው። «እኔ እኮ አሁን ሥልጣን የለኝም።»

«አውቃለሁ ጋሼ።»

 ሽማግሌው ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ አስተካከሉና፣ ከታች ያለው ሰፈር ሁሉ እስኪሰማ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣

«ፈቅጃለሁ!» አሉ።